የቶኪዮ ሠራተኛ ማታ የሚገባበት ሰፈር፦ ታማን ለመጎብኘት የሚረዳ መመሪያ

ጃፓን ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው እጅ የሚገባው የጉብኝት ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ሺቡያ፣ አሳኩሳ፣ የፉጂ ተራራ፣ የኪዮቶ ቤተ መቅደሶች። በ2024 ብቻ ከ36 ሚሊዮን በላይ የውጭ ሰው ጃፓን ገብቷል (ካልተገለጸ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታትና ወሮች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ የብዙው እግር የረገጠውም እነዚያኑ ቦታዎች ነው። እኔ ከዝርዝርዎ ላይ አንድ ቀን ቀንሰው፣ «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» ለሚባል የመኖሪያ ሰፈር እንዲሰጡ እመክራለሁ። በቶኪዮና በዙሪያዋ 37 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖራል። ከጃፓን ሕዝብ ከአሥሩ ሦስቱ ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ሕዝብ ብዙው ጠዋት በባቡር ወጥቶ ማታ በባቡር የሚገባ ነው። መሃል ከተማውን ብቻ ያየ ሰው ይህ ሕዝብ የሚሠራበትንና የሚገበያይበትን አየ እንጂ የሚኖርበትን አላየም። በዚያ ላይ የእነዚህ ሰፈሮች ጸጥታ እንዲያው የመጣ አይደለም። በእቅድ የተሠራ፣ ብዙ የተከፈለበትና ነዋሪው በየቀኑ የሚጠብቀው ነገር ነው። ጉዞው ትርጉም የሚኖረው ይህ ጸጥታ እንዴት እንደተሠራ ለማየት ሲሄዱ ነው፤ እንግዳ ሊጠብቀው የሚገባ ሥርዓትም ከዚሁ ይመነጫል።

መጀመሪያ ቦታውን ይምረጡ። በቶኪዮ ዙሪያ እንዲህ ያለ ሰፈር ሞልቷል፤ ሁሉም ግን እኩል አያስተምርም። ለምርጫው የሚረዳው ሰፈሮቹን ማን እንደፈጠራቸው ማወቅ ነው፤ ከፈጣሪዎቹ ዋነኞቹ የባቡር ኩባንያዎች ናቸው። ኮባያሺ ኢቺዞ የተባለው ነጋዴ በ1910 ከኦሳካ ወደ ገጠር የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲከፍት ተሳፋሪ አልነበረውም። ስለዚህ ተሳፋሪውን ራሱ ፈጠረ። በሐዲዱ ዳር ኢኬዳ ላይ ቦታ ገዝቶ ቤት ሠራና ለደመወዝተኛ በየወሩ በሚከፈል ብድር ሸጠ። በሌላኛው ጫፍ ታካራዙካ ላይ በ1914 የሴቶች የሙዚቃ ቴአትር ማሳየት ጀመረ። በ1929 ደግሞ ኡሜዳ በሚገኘው መነሻ ጣቢያው ላይ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ከፈተ። ባቡሩ ጠዋት ሠራተኛ፣ ቀን ገበያተኛ፣ በእረፍት ቀን ተመልካች እየጫነ በሁለቱም አቅጣጫ ሞልቶ መሄድ ቻለ። በቶኪዮ በኩል ሺቡሳዋ ኤይቺ በ1918 የመሠረተው ኩባንያ ከ1923 ጀምሮ የደንኤንቾፉን ቦታዎች ሸጠ። ዛሬ ደንኤንቾፉ የባለጠጎች ሰፈር ነው፤ በጣቢያው ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉት መንገዶች ያምራሉ፤ የሚያሳየው ግን የጥቂቶችን ኑሮ ነው። ተራው ሠራተኛ የገባበትን ለማየት ታማ ኒው ታውን ይሻላል።

ታማ ከቶኪዮ መሃል፣ ከሺንጁኩ በስተምዕራብ፣ ታማ፣ ኢናጊ፣ ሃቺዮጂና ማቺዳ በሚባሉ አራት ከተሞች ኮረብቶች ላይ የተዘረጋ የመኖሪያ ከተማ ነው። እቅዱ የጸደቀው በ1965 ሲሆን ስፋቱ 3,000 ሄክታር ገደማ ነው፤ የታሰበለትም ከ300,000 በላይ ሕዝብ ነበር። በዚያን ጊዜ ቶኪዮ ከየገጠሩ የሚጎርፈውን ሠራተኛ ማስተናገድ አቅቷት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በ1971 ሱዋና ናጋያማ በተባሉት ክፍሎች ገቡ። ባቡሩ ግን የደረሰው በ1974 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ነዋሪው በአውቶቡስ ወደ ሴይሴኪ-ሳኩራጋኦካ ጣቢያ እየወረደ ነበር ቶኪዮ የሚገባው። ኮንዶሚኒየም ደርሶት መንገዱና ትራንስፖርቱ ሳይደርስለት የገባ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ኮረብታው ተቆርጦ፣ ሸለቆው ተሞልቶ፣ የገበሬው ማሳና ራኩን ውሻ የተባለው እንስሳ የሚኖርበት ጫካ ጠፍቶ ነው ሰፈሩ የተሠራው። ታካሃታ ኢሳኦ በ1994 ያወጣው የካርቱን ፊልም፣ ፖም ፖኮ፣ ስለዚሁ ነው፤ ከጉዞው በፊት ቢያዩት መንገድዎን ያበራልዎታል።

ቀጥሎ ቀንና ሰዓት ይወስኑ፤ የጉዞው ግማሽ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ወደ ቶኪዮ የሚገባው ባቡር ከጠዋቱ 1:30 እስከ 3:00 (በጃፓን ሰዓት ከ7:30 እስከ 9:00) ሰው በሰው ላይ ነው። የእርስዎ መንገድ ግን ተቃራኒ ነው። ሥራ በሚሠራበት ቀን ከሺንጁኩ 3:30 (9:30) ገደማ ወደ ምዕራብ ቢሳፈሩ አብረውዎት የሚሄዱት ተማሪዎችና ጡረተኞች ይሆናሉ፤ መቀመጫም ያገኛሉ። ማታ ሲመለሱም ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲጎርፍ እርስዎ ወደ መሃል ስለሚሄዱ መንገዱ ይለቅልዎታል። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም። ደክሞት ከሚመለስ ሰው ቦታ የማይሻማ እንግዳ የሰፈሩን የመጀመሪያ ሕግ ጠበቀ ማለት ነው። ከወሮች ሚያዝያ መግቢያ ላይ የቼሪ አበባው፣ ኅዳር ላይ ቢጫ ቅጠሉ ያምራል፤ ነሐሴ ወበቁ ለእግረኛ ይከብዳል። በአዲስ ዓመታቸው የመጀመሪያ ቀናት ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ይተዉት።

ስለ ትኬት አንድ ነገር ይወቁ፦ ብዙ ጎብኚ በውድ የሚገዛው የጃፓን ሬይል ፓስ ወደ ታማ በሚወስዱት በኬዮና በኦዳክዩ መስመሮች ላይ አይሠራም፤ ሁለቱም የግል ኩባንያዎች ናቸውና። ስዊካ ወይም ፓስሞ የሚባለውን ካርድ ገዝተው ገንዘብ ይሙሉበት፤ ባቡሩንም አውቶቡሱንም ሱቁንም ያስተናግድልዎታል። ከሺንጁኩ በኬዮ ፈጣኑ ባቡር እስከ ታማ-ሴንተር ከ40 ደቂቃ አይበልጥም፤ ዋጋውም ከ500 የን በታች ነው። ከመሳፈርዎ በፊት በሰሌዳው ላይ የባቡሩን ዓይነት ያረጋግጡ፤ በአንድ ሐዲድ ላይ በየጣቢያው የሚቆምም ብዙ ጣቢያ የሚዘልም ይሄዳል። ውስጥ ከገቡ በኋላ ስልክዎን ድምፅ አልባ ያድርጉ፣ ስልክ አያናግሩ፣ የጀርባ ቦርሳዎን አውርደው ከፊትዎ ይያዙ። ፓስፖርትዎን ከእርስዎ አይለዩ፤ ጎብኚ ሁልጊዜ ይዞ እንዲንቀሳቀስ የአገሩ ሕግ ያዛል።

ከታማ-ሴንተር አንድ ጣቢያ ቀድመው ናጋያማ ላይ ይውረዱ። ታማ-ሴንተር በ1990 የተከፈተው የሳንሪዮ ፑሮላንድ መዝናኛ ያለበት፣ ሰፊ የእግረኛ አደባባይ የተዘረጋበት መሃል ነው፤ ልጆች ካሉ ከሰዓት በኋላ ይሂዱበት። ናጋያማ ግን የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡበት ስለሆነ የሰፈሩ ሐሳብ ሳይሸፈን የሚታየው እዚያ ነው። ከጣቢያው ሲወጡ አይቸኩሉ፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ዙሪያውን ያስተውሉ። ሱፐርማርኬቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የዳቦ ቤቱ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤቱ፣ በመደዳ የቆሙት ብስክሌቶች፣ ሁሉም ከባቡሩ በር በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ናቸው። ሠራተኛው ሲመለስ እራቱን ገዝቶ፣ ልጁን ተቀብሎ፣ ብስክሌቱን አንሥቶ ይሄዳል። ኮባያሺ የጀመረው አሠራር በሕይወት እንዳለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። ኬዮም ኦዳክዩም ከባቡሩ ሌላ ሱፐርማርኬትና አውቶቡስ አላቸው።

ከዚያ ወደ ኮረብታው የሚያወጣውን የእግረኛ መንገድ ይያዙ። እዚህ ላይ ዓይንዎን ይክፈቱ፤ መኪናው ከሥር፣ እግረኛው ከላይ ነው የሚሄደው። የታማ እቅድ አውጪዎች ሰፈሩን 21 ክፍል አድርገው ከፋፈሉት፤ መነሻ ሐሳባቸው እያንዳንዱ ክፍል አንድ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃና ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲኖሩት፣ ሕፃኑም ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ የመኪና መንገድ ሳያቋርጥ እንዲደርስ ነበር። ለዚህ ነው በየጥቂት ሜትሩ ድልድይ የሚያጋጥምዎ። አንዱ ድልድይ ላይ ቆመው ያዳምጡ። አስፋልቱ ከሥርዎ እያለ የሚሰማዎት የሞተር ጩኸት እጅግ ትንሽ ነው፤ ዛፉና የመሬቱ ከፍታ ልዩነት ድምፁን ይውጡታል። ከፊትዎ ዳንቺ የሚባሉት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች በመደዳ ቆመዋል፤ በየጎናቸው ትልልቅ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ በረንዳዎቻቸው ሁሉ ፀሐይ እንዲያገኙ ወደ ደቡብ የዞሩ ናቸው፤ ፍራሹና ልብሱ እዚያ ይሰጣል። የመንገድ ስም አይፈልጉ፤ የጃፓን አድራሻ በመንገድ ሳይሆን በክፍልና በቁጥር ነው የሚሄደው። ከጠፉ ኮባን የተባለውን ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ ይጠይቁ፤ መንገድ ማሳየት የዘወትር ሥራቸው ነው።

ያው መንገድ የእቅዱን ስሕተትም ያሳይዎታል፤ ሳያዩት አይለፉ። ከ1971 የቀሩት ብዙዎቹ ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም። በ30 ዓመቱ አምስተኛ ፎቅ የገባ ወጣት ዛሬ ከ80 በላይ ሆኖታል፤ ደረጃው ግን ያው ነው። ሁሉም በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዕድሜ ስለገቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ አረጁ፤ ልጆቹ ወጡ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ ወይም ተዋሃዱ፤ በሕንፃዎቹ መሃል ከነበሩት ሱቆች ብዙዎቹ መዝጊያቸውን እንዳወረዱ ቀሩ። እግረኛውን ከመኪና ያዳነው ኮረብታና ድልድይ፣ ጉልበት ለሚያመው ሽማግሌ ሌላ ዳገት ሆኗል። መልስ አልጠፋም። ሱዋ 2ኛ ክፍል ላይ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተስማምተው 640 ቤቶች የነበሩባቸውን 23 አሮጌ ሕንፃዎች አፍርሰው በ2013 በ7 ረጃጅም ሕንፃዎች 1,249 ቤት አሠሩ፤ በትርፉ ቤቶች ሽያጭ ወጪው ተሸፈነ፤ ወጣት ቤተሰብም ገባ። ከናጋያማ ጣቢያ በእግር ይደረስበታል። አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጎን ለጎን ማየት ይቻላልና ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያድርጉት፦ መጀመሪያ የናጋያማን አሮጌ ሕንፃዎች፣ ቀጥሎ ሱዋን።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል። የሰው መኖሪያ የሚጎበኝ ነገር ነው ወይ? ልብሱን ያሰጣ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚጠብቅ ሰው የመንገደኛ ዓይን ለምን ይረፍበት? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማስረጃም አለው። ኪዮቶ ውስጥ የጊዮን ነዋሪዎች ጎብኚ ስላስመረራቸው በ2024 የግል የሆኑ ጠባብ መንገዶቻቸውን ዘግተዋል። በዚያው ዓመት ፉጂካዋጉቺኮ የተባለችው ከተማ ከአንድ ሱቅ ጀርባ የሚታየውን የፉጂ ተራራ ፎቶ ለማንሣት የሚሰበሰበውን ሰው ለመከላከል ትልቅ መጋረጃ እስከ መትከል ደርሳለች። ነገር ግን ሁለቱን ጉዳዮች ልብ ብለው ቢያዩ ጥፋቱ ሰው መኖሪያ ሰፈር ውስጥ መራመዱ አይደለም፤ ሺህ ሰው ለአንድ ፎቶ በአንድ ጥግ መቆሙ ነው። ታማ ላይ እንዲህ ያለ ጥግ የለም፤ የእግረኛ መንገዶቹና መናፈሻዎቹም ለማንም የተከፈቱ የሕዝብ ቦታዎች ናቸው። ልዩነቱን የሚጠብቁት ግን እርስዎ ነዎት። ከሦስት ሰው በላይ ሆነው አይሂዱ። ወደ ሕንፃዎቹ ደረጃና ወደ ፖስታ ሳጥኖቹ አይግቡ። ሰፊውን መንገድ፣ ድልድዩንና ዛፉን ፎቶ ያንሡ፤ በረንዳ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የበር ስም፣ ከሁሉም በላይ ሕፃናትን አያንሡ። ሲያወሩ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ፤ የመንገድ ቅርጫት እምብዛም አያገኙም፤ በየሕንፃው ሥር በመረብ ተሸፍኖ የሚያዩት ክምር ደግሞ በቀንና በዓይነት ተለይቶ የሚወጣ የነዋሪው ቆሻሻ ስለሆነ አይጨምሩበት። አረጋዊ ሰው ዓይን ለዓይን ቢገጥምዎ ጎንበስ ብለው «ኮንኒቺዋ» ይበሉ። ጥቁር እንግዳ በእንዲህ ያለ ሰፈር ጎልቶ ይታያል፤ ቀድሞ ሰላምታ መስጠት ጥርጣሬውን ያቀልለዋል። ይህን ሁሉ ለማክበር የማይፈቅድ ሰው ባይሄድ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው።

ምሳ ሲደርስ ሱፐርማርኬት ይግቡ፤ ከምግብ ቤት ይልቅ የሰፈሩን ጓዳ የሚያሳየው እሱ ነው። የተዘጋጀ ምሳ በሳጥን፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ሩብ ጎመን፣ ለብቻው የሚኖር አዛውንት የሚገዛው ትንሽ ዓሣ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ማን እንደሚኖር ይናገራል። ጾመኛ ከሆኑ ይጠንቀቁ፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባና የኑድል መረቅ ብዙውን ጊዜ የደረቀ ዓሣ ተቀቅሎበታል። በጨው ብቻ የተሠራ የሩዝ ድቡልቡል፣ ፍራፍሬና ለውዝ አያሳስቱም፤ በብርድ ወራት ደግሞ ብዙ ሱፐርማርኬት በር ላይ ትኩስ የተጠበሰ ስኳር ድንች ያገኛሉ። ሙስሊም ከሆኑ በየወጡ ውስጥ የሩዝ ወይን ገብቶበት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የስልክዎ ካሜራ በማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ይተረጉምልዎታል። ጃፓንኛ አላውቅም የሚለውን ሥጋትም ይኸው መሣሪያ በአብዛኛው ይመልሰዋል፤ የጣቢያ ስሞች በላቲን ፊደል ተጽፈዋል፣ በየጣቢያውም ቁጥር አለ።

ከኢናጊ በኩል የሚያልፉ ከሆነ አሮጌው ገጠር ጨርሶ እንዳልጠፋ ያያሉ። በቤቶቹ መሃል የፒር አትክልት ቦታዎች አሉ፤ በነሐሴና በመስከረም ገበሬዎቹ በመንገድ ዳር ይሸጣሉ። በእነዚህ ሰፈሮች ዳርቻ ሻጭ የሌለው የአትክልት መደርደሪያም ያጋጥማል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ጥቂት የእንጨት እርከኖች፣ በላያቸው በላስቲክ የታሰረ ደበርጃንና ነጭ ሥር፣ በካርቶን ላይ በእጅ የተጻፈ «100 የን»፣ በጎኑ ሳንቲም የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ። የሚቆጣጠር ሰው የለም። መግዛት ከፈለጉ የ100 የን ሳንቲም አስቀድመው ይዘርዝሩ፤ መልስ የሚሰጥ የለምና።

«ለአንድ ሰፈር አንድ ሙሉ ቀን? ጃፓን ዳግመኛ የምሄድበት አገር አይደለም» የሚል ይኖራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ለምኖ፣ ውድ ትኬት ቆርጦ ነውና የሚሄደው፣ ስሌቱ ይገባኛል። ነገር ግን ቤተ መቅደሱንና ተራራውን በፎቶም በፊልምም አይተውታል፤ በአካል መሄድዎ የሚጨምረው የተወሰነ ነው። ከጃፓን ሕዝብ ከመቶው 29ኙ ገደማ ከ65 ዓመት በላይ መሆኑን፣ በ2023 ጥናት 9 ሚሊዮን ቤት ባዶ መገኘቱን አንብበው ይሆናል፤ ይህ ቁጥር በሕይወት ምን እንደሚመስል ግን የናጋያማ ደረጃ ላይ ከረጢቷን ይዛ በየፎቁ የምታርፍ ሴት እንጂ ሙዚየም አያሳይም። ሊፍት የሌላቸው ጋራ መኖሪያዎች እየተሠሩ ካሉበት አገር ለሚመጣ ሰው ደግሞ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ከ50 ዓመት በኋላ ምን እንደሚገጥም ቀድሞ ማየት ነው። ቀኑ ከበዛብዎ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ናጋያማንና ሱዋን ብቻ ይዩ።

ከሰዓት በኋላ ከናጋያማ በአውቶቡስ ወደ ሴይሴኪ-ሳኩራጋኦካ ይውረዱ። በ1995 የወጣው የጂብሊ ስቱዲዮ ፊልም፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ዊስፐር ኦቭ ዘ ሃርት፣ መነሻው የዚህ ሰፈር ዳገት ስለሆነ አድናቂዎች ይመጣሉ። ጠመዝማዛውን የኢሮሃዛካን መንገድ ወጥተው ሸለቆውን ይዩና ይውረዱ፤ ላይኛው ሰፈር የግል ቤቶች ስለሆነ አይዘግዩ። 11 ሰዓት (በጃፓን 5፡00) ሲቀርብ በብዙ የጃፓን ከተሞች የአደጋ ጊዜ ድምፅ ማጉያዎች ሙዚቃ ያሰማሉ፤ መሣሪያው መሥራቱን ይፈትሻሉ፣ ሕፃናትንም ወደ ቤት ይጠራሉ። ሰዓቱ በብርድ ወራት ይቀድማል። ለእርስዎም የመመለሻ ምልክት ይሁንዎት።

ሲመለሱ በመጡበት ሳይሆን ከሴይሴኪ-ሳኩራጋኦካ በኬዮ ዋና መስመር በየጣቢያው የሚቆመውን ባቡር ይሳፈሩና ቶቢታክዩ ላይ ይውረዱ። ከጣቢያው በስተሰሜን አምስት ደቂቃ ያህል ቢራመዱ አንድ ትልቅ ስታዲየምና ኮሹ ካይዶ የተባለው አውራ መንገድ ይገናኛሉ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (21 ኦክቶበር 1964) አበበ ቢቂላ ከቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም ተነሥቶ በዚሁ መንገድ እዚህ ድረስ ሮጦ የዞረበት የኦሊምፒክ ማራቶን መመለሻ ቦታ ነው፤ በመንገዱ ዳር ምልክት ቆሞለታል። ትርፍ አንጀቱ ከወጣለት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነበር የሮጠው፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የታማ እቅድ የጸደቀው በዓመቱ ነው። በስታዲየሙ እግር ኳስ ወይም ኮንሰርት ካለ ጣቢያው ስለሚጨናነቅ መርሐ ግብሩን ከመነሣትዎ በፊት ይመልከቱ፤ ከሌለ ግን የሚቀጥለው ባቡር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይመጣል፤ ቾፉ ላይ ወደ ፈጣኑ ቀይረው ሺንጁኩ ይገባሉ።